የፍልሰታ ካላማሪ

ባለቤቴ ገብረየስ ውሸት አይችልበትም። እንደ ሌላው ሰው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቢዋሽ ኖሮ ይለምደው ነበር። እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ እውነት ሲናገር ይከርምና አንድ ቀን ቤት የሚያፈርስ ውሸት ይዞ ይመጣል። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ፍልሰታ እንደገባ ሰሞን፣ ከሥራ መጥቶ ዝናብ የጠጣ ካፖርቱን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ።

«እታፈራሁ፣ ቅዳሜ ጓድ ደረሰ ምሳ እኛ ቤት ይበላል» አለኝ።

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ደረሰ የመሥሪያ ቤታቸው ካድሬ ነው። ያን ጊዜ ከየመሥሪያ ቤቱ ለሰፈራ ዘመቻ ሰው ይመለመል ነበር፤ ከገብረየስ ክፍልም አንድ ሰው መተከል ይሄዳል ከተባለ ሰንብቷል። ማን እንደሚሄድ የሚቆርጠው ደግሞ ይኸው ደረሰ ነው። ገብረየስ አስም አለበት። እዚሁ አዋሳ፣ ሐኪም ቤቱ በጋሪ በሚደረስበት ከተማ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ትራስ ደራርቤለት ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። ከመተከል በሕመም የተመለሰ አንድ የምናውቀው ሰው ጫካውን፣ ጭቃውንና ወባውን አውርቶልን፣ ስለ ሐኪም ስንጠይቀው ሳቀብን። ለእኔ መተከል ማለት የባሌ መቃብር ማለት ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም።

«መቼስ ጾም መሆኑን አልነገርከውም» አልኩት።

«ለካድሬ ጾም ነው ተብሎ ይነገራል?»

«ታዲያ ምን ይበላል?»

መሬት መሬቱን እያየ «ካላማሪ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረሰ ሻይ ሰዓት ላይ ምፅዋ ባሕር ኃይል እያለ ስለበላው፣ ካላማሪ ስለሚባል የባሕር እንስሳ ያወራል። በዘይት ተጠብሶ፣ ጥርስ ሲያርፍበት ኩርሽም ሲል፣ ውስጡ ደግሞ እንደ ቅቤ ሲለሰልስ፣ እያለ። ሰዉ ሁሉ አዳምጦ ያጨበጭባል። የእኔ ሰውዬ ደግሞ ፍርሃት አፉን ከፍቶለት «ባለቤቴ እኮ የምፅዋ ልጅ ናት! ካላማሪ እሷ ትጥበሰው!» ይላል። ደረሰም እቃውን እኔ አስመጣለሁ፣ ቅዳሜ እንበላለን ብሎ እጁን ይመታዋል።

ምፅዋ መወለዴ እውነት ነው። አባቴ የወደብ መጋዘን ዘበኛ ነበር። ነፍስ ሳላውቅ ነው የወጣነው፤ ከምፅዋ የማስታውሰው ሙቀቱን ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት እንኳን በአፏ፣ በቤቷም አታስገባም። ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚል ክርክር በየቤቱ አለ፤ ስለ ካላማሪ ግን የሚከራከር ክርስቲያን አላጋጠመኝም። እርኩስ ነው፣ አበቃ። በፍልሰታ ሲሆን ደግሞ እርኩስ በእርኩስ።

ብዙ ሰደብኩት። ካፖርቱን እንደለበሰ ስድቤን ጠጥቶ ሲያበቃ ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ፤ ያኔ ደንግጬ ዝም አልኩ።

ዓርብ ጠዋት የደረሰ ሾፌር በበረዶ የተሞላ ካርቶን አውርዶልን ሄደ። ከአሰብ በመኪና የመጣ ነው። ከፈትኩት። ነጭ፣ ሙልጭልጭ፣ እግሩ ከራሱ ላይ የበቀለ፣ ዓይኑ የሚያፈጥ ነገር። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁና በአጥራችን ቀዳዳ ሾልኬ ታቢታ ጋ ሮጥኩ።

ታቢታ ጎረቤቴ ናት፤ ታቦር ተራራ ግርጌ ቤት ከሠራን ጀምሮ አጥር እንጂ ሌላ ነገር አለያየንም። የወላይታ ሰው ናት፤ ጴንጤ። ሐይቁ ውስጥ ያለውን አምባዛ የሚባል ዓሣ፣ እኛ ቅርፊት የለውም ብለን የምንሸሸውን፣ እሷ እያገላበጠች ትጠብሰዋለች። ባሏ ማቴዎስ ፍሪጅ ጠጋኝ ስለሆነ ቤታቸው የሰው ፍሪጅ ጠፍቶ አያውቅም። እኔ የሚያስፈልገኝ ፍሪጅ፣ መጥበሻና ምላስ ነበር። ድስቴን በዚህ ነገር አላስነካም፤ ምላሴንማ እንዴት ብዬ። ጾመኛ ሆኜ የማልቀምሰውን ምግብ ለካድሬ ልሠራ ነው።

ነገርኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እርጥቡን ቀሚስ ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«ቅዳሜ? ካድሬ እዚህ አጠገቤ?» አለች።

ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች አራስ የሚጠይቁ መስለው፣ ቂጣና ፔርሙስ ይዘው፣ ሁለት ሦስት እየሆኑ እሷ ቤት ይገባሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲዘምሩ እኔ እሰማለሁ፤ እንዳልሰማ እንደምሆንም ታውቃለች። ይህን ሁለታችንም በአፋችን ተነጋግረነው አናውቅም።

«ለዚህ ቅዳሜ እንዳይመጡ እነግራቸዋለሁ» አለች። «ጌታ ያውቃል። ገብረየስ መተከል ከሄደ አይመለስም።»

አለቀስኩ። እሷ ለእኔ ብላ ጸሎቷን አስቀረች፤ እኔ ደግሞ ለካድሬ ብዬ ገበታዬን ላረክስ ነው።

ሥራውን ስንጀምር ሁለታችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ዶሮ። የኛ አገር ሴት የማታውቀው ሥጋ እጇ ሲገባ እንደ ዶሮ ታጥበዋለች። በሎሚ አሸሁት፤ በጨው አሸሁት፤ በዱቄት አሸሁት። ውኃው እስኪጠራ አሥር ጊዜ ቀያየርኩ። ሆዱ ውስጥ እንደ ላስቲክ ያለ ግልጽ አጥንት አገኘሁና ጮህኩ። ጥቁር ቀለም ተረጭቶ የታቢታን ግድግዳ አበላሸ። ካጠብነው በኋላ፣ ያልተቀቀለ ሥጋ አይታመንምና፣ ጥደን ቀቀልነው። ከዚያ ቆራርጠን ዱቄት ነስንሰን ጠበስነው። መልኩ ደስ ይላል፤ ወርቅ መስሏል። ታቢታ አንዱን አነሳችና አፏ ውስጥ ጣለችው።

አኘከች። አኘከች። ዓይኗ ተቅበዘበዘ።

«እንዴት ነው?» አልኩ።

በአንድ ጉንጯ ወትፋው «እታለም፣ ይህ የማቴዎስ ፍሪጅ በር ላይ ያለው ጎማ ነው» አለችኝ።

ምናልባት አልበሰለ ይሆናል ብለን ሌላውን ትንሽ ጨምረን ቀቀልነው። ባሰበት። እንደገና ብንጨምርለት የበለጠ ጠነከረ። የካርቶኑ እኩሌታ እንዲህ ሆኖ ለውሻ ተጣለ፤ ውሻውም አንዱን ይዞ ከግቢ ወጥቶ እስከ ማታ ሲታገለው አየሁት።  ደረሰ የምፅዋውን ጣዕም ያውቀዋል። ይህን ጎማ አኝኮ «ሚስትህ የምፅዋ ልጅ ናት ብለህ ዋሸኸኝ» ሲል፣ ገብረየስም ምላሱ ሲተሳሰር፣ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ስለ ካላማሪ የዋሸ ሰው ስለ አስሙስ እውነት ተናገረ ማን ይለዋል?

ዘይቱም እያለቀ ነበር። የቀበሌው ሱቅ ዘይት ከመጣ ስለቆየ በታቢታ ጣሳ ውስጥ የቀረችው ያችው ናት። ለዚህ ነው፣ ካልተቀቀሉት ቀለበቶች አንዱ ከእጄ አምልጦ የሞቀው ዘይት ውስጥ ሲገባና ዘይቱ ሲፈናጠር፣ ዘይቴን ጨረሰው ብዬ እየጮህኩ በጭልፋ አፈፍ አድርጌ ያወጣሁት። ገብቶ መውጣቱ ነው። ዱቄቱ ግን ቀይ ሆኗል። ታቢታ እንዳይጣል ብላ ቀመሰችው።

ኩርሽም አለ። እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ተሰማ።

 ከዚያ ሳቅ አፈናት። «እሳት ጠላ ማለት ነው!» አለች። «ብዙ እሳት አይወድም! አስደንግጦ ማውጣት ነው!»

ከዚያ በኋላ እንደ እብድ ሆንን። ሳይቀቀል። ውኃው በንጹሕ ጨርቅ ተጨምቆ እስኪደርቅ፣ ምክንያቱም እርጥብ ከሆነ ዘይቱ ይተፋዋል። የስንዴ ዱቄት ብቻውን ይለሰልሳልና ታቢታ ለአምባዛው እንደምታደርገው ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተደባልቆ። ዘይቱ በደንብ ከጋለ በኋላ ጥቂት ጥቂቱን ብቻ። ቀላ ሲል ማውጣት። እኔ እጠብሳለሁ፤ እሷ ትቀምሳለች፤ እኔ ፊቷን አያለሁ። ጨው አነሰው ስትል እጨምራለሁ። የጣዕሙን ነገር በሰው ፊት ላይ እያነበብኩ የሠራሁት ምግብ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ሳህን ላይ ትንሽ ከቆየ ይልማል፤ ኩርሽም አይልም። ስለዚህ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ታቢታ ጋ ተጠብሶ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አልፎ፣ ሳይበርድ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት። የቀረውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠን ተለያየን። ቤት ስገባ ገብረየስ እጄን አሸተተና ወጣ።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። የአዋሳ የነሐሴ ዝናብ ሲጀምር ሐይቁ ራሱ ተነስቶ የመጣ ይመስላል። ሳህኑን ብከድነው በእንፋሎቱ ይልማል፤ ባልከድነው ዝናብ ይገባበታል። ልጆቻችን ለክረምት ዲላ አያታቸው ጋ በመሄዳቸው አምላኬን አመሰገንኩ፤ ቢኖሩ ኖሮ አንዳቸው «እማዬ ዛሬ ጾም አይደለም እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም ነበር። የማርያምን ሥዕል ከግድግዳው አውርጄ አልጋ ሥር አስገባሁ። ምስማሩ ብቻውን ቀርቶ አፈጠጠብኝ፤ የቀን መቁጠሪያ ሰቀልኩበት።

ደረሰ ብቻውን አልመጣም። ከመኪናው እሱን ተከትሎ አንድ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰውዬ ወረደ። «ጓድ ኩማ ነው፣ ከላይ የመጣ» አለን። ከላይ ማለት ከየት እንደሆነ አልጠየቅንም። ኩማ ቤቱን ቀስ ብሎ አየ፤ የቀን መቁጠሪያው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ትንሽ የቆየ መሰለኝ።

ደረሰ ድምፁ ትልቅ ነው። ካኪ ሱፉን ለብሶ፣ ወንበሩን ሞልቶ፣ ስለ ምፅዋ ያወራል፤ ስለ መርከቡ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ካላማሪው። ኩማ ያዳምጣል። እኔ ዳቦና የተቆረጠ ሎሚ አቅርቤ በጓሮ በር ወጣሁ። ታቢታ መጥበሻው ላይ ናት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እየጸለየች ነው። የመጀመሪያውን ሳህን ተቀብዬ ጃንጥላውን በሳህኑ ላይ ዘርግቼ፣ እኔ እየበሰበስኩ፣ ጭቃውን ተሻግሬ ገባሁ። አልላመም። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው እርስ በርሱ ሲነካካ እንኳ ይንኳኳ ነበር።

«ይኸው! ምፅዋ መጣ!» አለ ደረሰ።

ኩማ መጀመሪያ የተናገረው ያኔ ነው። «ጓድ ደረሰ፣ ሰሞኑን በአንዳንዶች ላይ ብዙ ነገር ይወራል። እርስዎ ደግሞ ስለ ካላማሪ ብዙ ነግረውናል። እስቲ ሲበሉ እንይ» አለ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው።

ደረሰ ሳቀና አንድ ቀለበት አነሳ። ወደ አፉ አስጠጋው። ከዚያ እጁ መንገዱን ቀየረ። «አይሆንም፣ ከባለቤቱ ይጀመር! ያለ ባለቤቱ እንግዳ አይቀምስም!» ብሎ ወደ ገብረየስ ዘረጋው። «ጓድ ገብረየስ፣ በሞቴ!»

ገብረየስ አየኝ። እኔ ምን ልሁንለት? ከልጅነቱ ጀምሮ ፍልሰታን አፍርሶ አያውቅም። በአስም ተይዞ ሐኪም ወተት ያዘዘለት ጊዜ እንኳ ጾሙ እስኪፈታ ብሎ የጠበቀ ሰው ነው። አሁን ግን የካድሬው እጅ ከአፉ ደርሷል፤ ኩማ ደግሞ የሚያየው እሱን ነው። በዓይኔ «ብላ» አልኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ነኝ ብላ ያልኩት።

በላ። ኩርሽም ሲል ሰማሁ። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «ትኩስ ነው» አለ።

«ጎበዝ!» አለ ደረሰ፤ ሌላ ጨምሮ አጎረሰው። ኩማም መብላት ጀመረ፣ ወደደው መሰለኝ ቶሎ ቶሎ ያነሳል። ደረሰ የራሱን ሳህን በብዙ ቀለበት ሞልቶ፣ ሎሚ ጨምቆበት፣ በሹካ እያገላበጠ ወሬውን ቀጠለ። ካላማሪው መላም ያኔ ነው የጀመረው፤ እኔም ይበርዳል እያልኩ ሁለተኛውን ሳህን ላመጣ ወጣሁ።

ኩማ ሽንት ቤት ጠየቀ። ገብረየስ እንደ ባለቤት ደንቡ የእጅ ውኃና ሌላውን ጃንጥላ ይዞ ተከተለው። እኔ ከታቢታ ዘንድ በጓሮ በር ስመለስ ሳሎን ውስጥ ደረሰ ብቻውን ነበር።

ሳህኑን አዘንብሎ ካላማሪውን በኮቱ ኪስ እየጠቀጠቀ ነበር።

ቆምኩ። እሱም ቀና አለ። ጣቶቹ ዘይት ብቻ ናቸው፤ አንድ ቀለበት ከኪሱ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ነው ያየኝ።

«ፍልሰታ ነው» አለ በሹክሹክታ። «እናቴ... አንድም ዓመት አፍርሼ አላውቅም። ይጾማል ብለው አውርተውብኝ ነው ይህን ሁሉ ያደረግኩት።»

ገባኝ። የምፅዋው ወሬ፣ ካርቶኑ፣ ምሳው፣ ሁሉም ለኩማ ዓይን የተዘጋጀ ነበር። ምናልባት ካላማሪ ቀምሶም አያውቅ ይሆናል። ከኛ ምንም አልተለየም፤ እንደኛው በፍርሃት የሚርድ ሰው ነው። ግን ራሱ ያልዋጠውን በባሌ ጉሮሮ አስገብቷል። ፊቱ ላይ ሳህኑን ልደፋበት እጄ ተነሳ። በዚያው ቅጽበት የኩማ ጫማ ደጃፉ ላይ ጭቃ ሲያራግፍ ሰማሁ።

የተንጠለጠለውን ቀለበት ወደ ኪሱ ገፋሁለት። ኩማ ሲገባ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ጓድ ደረሰ፣ ኧረ ሳህኑን እኮ ላሱት! የምፅዋ ሰው መሆንዎ አሁን ታወቀ! ልጨምርልዎ?» አልኩ።

«ጠገብኩ፣ እጅሽ ይባረክ» አለ። ድምፁ ተመልሶ መጣለት። ኩማ ባዶውን ሳህን አየና ራሱን ነቀነቀ።

ሲነሱ ሌላ ጉድ አየሁ። የኪሱ ዘይት ካኪውን ዘልቆ እንደ መዳፍ የሚያህል ጠቁሮ ይሰፋል። ዘልዬ የገብረየስን ካፖርት ከማንጠልጠያው አወረድኩና ትከሻው ላይ ጣልኩለት። «ዝናብ ነው ጓድ፣ ይደርቡት፣ በኋላ ይመልሱታል» አልኩ። በካፖርቱ ተሸፍኖ ወጣ። መኪናው ጋ ሲደርስ ገብረየስን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ኩማ እየሰማው «አይዞህ፣ አንተ የኛ ሰው ነህ» አለው።

እልል ማለት ነው የቀረኝ። ተሳክቶልኛል። ካላማሪው ኩርሽም ብሏል፣ ካድሬው የእኔ ውለታ አለበት፣ ባሌ ከመተከል ድኗል። ታቢታ ዘንድ ሮጬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ከዚያ ተመልሼ ለገብረየስ የኪሱን ነገር ነገርኩት። ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ፤ ጀርባውን እያሸሁ አብሬው ሳቅኩ።

ሳሉ ሲበርድለት «እሱ ማየትሽን አይቷል?» አለኝ።

«አይቷል እንጂ! እንዲያውም ሸፈንኩለት። ካፖርትህንስ ለምን የደረብኩለት ይመስልሃል?»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ወይኔ እታፈራሁ» አለ። እኔ አልገባኝም። ካኮረፈም በጾሙ ነው አልኩ።

እራት ሳቀርብ «የእኔን ለብቻ አድርጊልኝ» አለ። «እርኩስ በልቻለሁ። ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ጸበል እስክረጭ ከአንቺ ጋር አልበላም።» እንሂድ አልኩት። አሁን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቢያዩኝ ያ ሁሉ መና ይቀራል፣ ነገሩ ይብረድ አለ። ከተጋባን ጀምሮ ከአንድ ትሪ ነው የበላነው። ያን ማታ እሱ ጥግ ላይ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ሆነን ሽሮአችንን በላን። በማግሥቱም እንዲሁ። ብርጭቆውን ሳይቀር ለየ፤ ራሱ ያጥበውና ለብቻው ይደፋዋል።

ማክሰኞ ሾፌሩ መጣ። ካፖርቱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ በወረቀት ተጠቅልሏል። «ጓድ ደረሰ አመሰግናለሁ ብለዋል» አለኝ። ከዚያ እግሩን እያየ «ጓድ ገብረየስ ሐሙስ ጠዋት ይዘጋጁ ብለዋል። መተከል በዝናቡ ይፈለጋል ብለው ነው ካፖርቱን በቶሎ የላኩት» አለ።

በሩን ይዤ ቆምኩ። ገብረየስ ቅዳሜ የገባው ነገር ለእኔ ያኔ ገባኝ። ደረሰ ባሌን የላከው ጠልቶት አይደለም፤ ውለታ ረስቶም አይደለም። ኪሱን ያየችው ሴት ባል በየቀኑ ሻይ ሰዓት ላይ ፊት ለፊቱ እንዲቀመጥበት አልፈለገም። እንደ ደደብ ዝም ብዬ ሳላይ ባልፍ ይሻለን ነበር። ብልጠቴ ነው ያስፈረደበት።

ነጠላዬን ለበስኩ። ፒያሳ መሃል ቆሜ እጮኻለሁ አልኩ፤ ኩማን ፈልጌ ሁሉን እነግረዋለሁ አልኩ። እስከ ግቢው በር ደረስኩ። ምን ልል? ሰውዬው ይጾማል ልል ነው? እኔ ራሴ ጾሜ፣ የማርያምን ሥዕል አልጋ ሥር ደብቄ? ኩማስ «ታዲያ ሳህኑን ላሱት ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» አይለኝም? አፌን የዘጋሁት በገዛ እጄ ነው። በሩን ለቅቄ ፊቴን ወደ አጥሩ ቀዳዳ መለስኩ።

ታቢታ ከፊቴ አይታ አወቀች። 

«ፍሪጁ ውስጥ የቀረ አለ?» አልኳት።

«አለ። ለምንሽ ነው?»

«ጥበሺልኝ።»

አየችኝ፤ ከዚያ ከሰሉን አያያዘች። በጨርቅ አደረቀችው፤ በዱቄቱ ለወሰችው፤ ዘይቱ እስኪግል ሁለታችንም ጠበቅን። ቀላ ሲል አወጣችና በትንሽ ሳህን ሰጠችኝ። አማተብኩና አንዱን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ኩርሽም አለ። ውስጡ ለስላሳ፣ ጣፋጭ፣ ትንሽ የባሕር ጨው ያለበት ነው። መጣፈጡ ነው ያንገበገበኝ። የሚያስጠላ ቢሆን ኖሮ እንደ መድኃኒት ውጬ ዝም እል ነበር። እየበላሁ አለቀስኩ፤ ታቢታም ምድጃው ላይ አቀርቅራ አለቀሰች። ሳህኑን ጨረስኩት።

ቤት ስገባ ገብረየስ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሾፌሩን መንገድ ላይ አግኝቶት ሰምቷል። ትንፋሹ ያፏጫል። ጥግ ላይ ያስቀመጠውን ሳህኑንና ብርጭቆውን አንስቼ ወደ ጓዳ ወሰድኩ። ሽሮውን በአንድ ትሪ አቅርቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ለብቻ አላልኩሽም?» አለኝ። እጄን ያዘና ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ዘይቱን አሸተተ። «ምን በልተሽ ነው?»

«አንተ የበላኸውን» አልኩት።

 ከዚያ እጁን ታጥቦ ተጠጋኝ። አጎረሰኝ፤ አጎረስኩት፤ ትሪውም ባዶ ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ዝናብ ነበር፤ የተተኮሰውን ካፖርት ለብሶ ሄደ።